የኅዳር ሚካኤል ተራ

«ጋሼ፣ ቀኝዎን ያውጡ እንጂ፤ ውኃው እየቀዘቀዘ ነው» አለች ሕሊና ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች።

የሺዋስ የዘረጋው ግራ እጁን ነው። ቀኙ ከጋቢው ሥር ነው። ልጅቱ ከዳባት በሙሽርነት ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነውና የደባርቅ የጥቅምት ብርድ እጁን ያስደበቀው መሰላት እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች።

«ኧረ ያውጡ፣ ለብ ያለ ነው» አለች ደግማ ፈገግ ብላ።

«እኔም እስኪወጣ እየጠበቅሁት ነው፤ ዓመት አለፈው» አላት።

የዕለቱ የሚካኤል ጽዋ ተረኛ እትዬ በለጠች ከጓዳ ተወርውረው መጥተው ማንቆርቆሪያውን ከምራታቸው እጅ ነጠቁ። «ልጅ ናት፣ አላወቀችም፣ ይቅር በላት» እያሉ ግራ እጁን እንደ ሕፃን እጅ አሽተው አጠቡለት። የሺዋስ ግን በልጅቱ አልተቀየመም። እንዲያውም በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ሁለት እጅ እንዳለው ሰው የቆጠረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ድሮ የሺዋስ የመብራት ፖል ላይ ይሠራ ነበር። አወጣጡን ላየ የስሜን ጭላዳ እንኳ ከእሱ ዘንድ ትምህርት ቢገባ የሚጠቀም ይመስል ነበር። የሚሠራው ለኮንትራክተር ነው፤ የወቅንን ከተማ አለፍ ብሎ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚመጣው መንገድ ዳር አዲስ መስመር ይዘረጉ ነበር። ፎርማኑ ያርጋል ነው፤ አብሮ አደጉ፣ የወንድ ልጁ የክርስትና አባት፣ አበልጁ።

ያን ቀን ጠፍቷል የተባለው መስመር አልጠፋም ነበር። ማን እንዳበራው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም ካለ አይናገርም። ብልጭ አለ፣ እንደ ጅራፍ ጮኸ፣ የሺዋስም ከፖሉ ወረደ፤ አወራረዱ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ያርጋል እያለቀሰ ሮጦ ደረሰ። ከአባቱ የሰማው መድኃኒት አለ፤ መብረቅ የመታው ሰው ከተቀበረ እሳቱን አፈር ይመጥጠዋል። ጉድጓድ ደግሞ ሞልቷል፤ ለፖል የተቆፈረ፣ ሰው የሚውጥ። ወዳጁን በቁሙ አስገብተው እስከ አንገቱ አፈር መለሱበት። ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና ሊረዳ ቢቆም ያርጋል እጁን አወናጨፈና «ሂድ፣ ሂድ፣ ገና አልመጠጠውም!» ብሎ ሸኘው። የሺዋስ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደ ፖል ተተክሎ ቆየ።

ጎንደር ሲደርስ ሐኪሙ አፈሩን ከቁስሉ ላይ እያጠበ «አደጋው የደረሰበት ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ሚስቱ አምሳል ነገረችው። ሐኪሙም «ቶሎ ቢመጣ እጁ ይተርፍ ነበር» አለ። ራሱን የሳተ መስሏቸው ነው እንጂ የሺዋስ ቃሉን ሰምቶታል። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

ሲነቃ አምሳልን አስማላት፤ ይህን ነገር ለያርጋል ትንፍሽ እንዳትል። ያርጋል ሃያ ቀን ሙሉ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል፤ ሽንቱን ደፍቶለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ?

ያርጋል ግን ትንፍሽ ከማለትም አልፎ ለፈለፈ። ከባጃጅ ተራ እስከ ከብት ገበያ፣ የሺዋስን ቀብሮ እንዳዳነው የማያውቅ የለም። በሰርግ ይተርከዋል፣ በለቅሶ ይተርከዋል። በተረከው ቁጥር ጉድጓዱ ጥቂት ይጠልቃል። ባለፈው ፋሲካ ሦስት ሜትር ደርሶ ነበር፤ የየሺዋስ ቁመት ግን ያው ነው።

እንግዲህ የሺዋስ የተረፈ ሰው ሆኖ ይኖራል። ይህም ሥራ ነው። ሰው «እንኳን ተረፍክ» ይለዋል፤ ብሎም ዓይኑን ከአንገቱ ጠባሳ አንሥቶ ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ጎረምሶቹ «ጋሼ፣ ስልኬን ቻርጅ ያርጉልኝ» ይሉታል፤ እሱም «ቆጣሪ አስገባና ና» ይላቸዋል፤ ይሳሳቃሉ። እነሱ ይሻላሉ። የሚከፉት ሳይስቁ እጃቸውን የሚሰበስቡት ናቸው። ካፊያ ሲጥል ሽቦው እዝዝ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ ከሥሩ ማለፍ አይሆንለትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ዋናውን መንገድ ትቶ በባሕር ዛፎቹ ጀርባ ይዞራል። ቤቱ ውስጥም አምፖል የምታበራውና የምታጠፋው አምሳል ናት። ልጁ «አባዬ፣ አንተስ ለምን አታበራም?» ሲለው «እጄ አይደርስም» ይለዋል። ወትሮ አሥር ሜትር የሚወጣ ሰው።

በዚህ ሁሉ መሐል የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበረው፤ ኅዳር ሚካኤል። የጽዋ ማኅበሩ አባላት አሥራ ሦስት ስለሆኑ ተራው በየዓመቱ አንድ ወር ይገፋል። ስለዚህ ዓመታዊው በዓል ለአንድ ሰው የሚደርሰው በአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ባለፈው ዙር ለአባቱ ደርሶ ነበር፤ አሁን ለእሱ። አምሳል ብቅሉን አስጥታለች። እሱም በግራ እጁ ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ቤቱን ኖራ ቀብቷል። ያን ቀን ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ ከማዕዱ ይቆርሳል። ከዚያ ወዲያ «የተቃጠለው ሰውዬ» መባሉ ቀርቶ የሺዋስ ይባላል። እንዲህ ነበር ሐሳቡ።

በእትዬ በለጠች ቤት ገበታው ቀረበ። የጽጌ ጾም ነውና ሽሮ ነው። አራት አራት ሆነው ሲከቡ የሺዋስም ጠጋ አለ። እትዬ በለጠች ግን ትንሽ ሳህን ከነማንኪያው ይዘውለት መጡ።

«ለብቻህ አወጣሁልህ፤ እንዳትቸገር ብዬ።»

ከጋራ ገበታ በግራ እጅ አይቆረስም፤ ይህን እሱም ያውቃል። እስከ ዛሬ ደባርቅ ላይ ሽሮ በማንኪያ የሚበላ የስሜን ተራራን ሊያይ የመጣ ፈረንጅ ብቻ ነበር። የሺዋስ ጥግ ይዞ እንደ ፈረንጅ በላ።

ከምግቡ በኋላ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ጸሎቱን አሳረጉና ጽዋው ወጣ፤ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ሆዱ ሰፊ ማሰሮ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ነውና የሺዋስ ሊቀበል ብድግ አለ። የማኅበሩ አለቃ ጋሽ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቁጭ በል ልጄ። ተነጋግረናል። ጽዋ በሁለት እጅ ነው የሚያዝ። ቢወድቅ ለአንተም ለእኛም ደግ አይደለም። ያርጋል ይይዝልሃል።»

«መቼ ነው የተነጋገራችሁት?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ።»

«እኔም እኮ መጥቼ ነበር።»

«በባሕር ዛፉ ዞረህ ስትመጣ ዘገየህ» አሉ ጋሽ ይግዛው።

የሺዋስ ጉማጁን ክንድ አወጣ። ጋቢውን አጣጥፎ ጣለበትና ከግራ መዳፉ ጋር አጣምሮ ዘረጋው።

«ይኸው፣ እዚህ ላይ አስቀምጡልኝ። ልጄን አቅፌበታለሁ፤ አንድም ቀን አልጣልሁትም።»

ሰው ሁሉ መምሬን አየ። እሳቸውም «ሚካኤልስ እጅ አይቆጥርም…» ብለው ጀመሩ። የተቀመጠውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ቃኙ። «ማኅበሩ ከወሰነ ግን የማኅበሩ ነው» ብለው ጨረሱ።

«እኔ ከሥር ልደግፍላቸው?» አለች ሕሊና ከጓዳው በር። አማቷ በክርናቸው ጎሰሟት።

ያርጋል ከማኅበርተኞቹ መሐል ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ማሰሮውን ተቀበለ። እልልታው ቀለጠ። የሺዋስ ክንዱን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር። ያርጋል ጽዋውን በደረቱ ታቅፎ ወደ እሱ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንባውም የምሩ ነው።

«አይክፋህ አበልጄ። ከእኔ በላይ ማን ያስብልሃል? ያን ቀን እኔ ባልቀብርህ ኖሮ ዛሬ እዚህ ትቆም ነበር?»

የሺዋስ ጋቢውን ከክንዱ ላይ አንሥቶ ትከሻው ላይ መለሰው።

«እሱስ ልክ ነህ» አለው። «ስትቀብረኝ ግን ሁለት እጅ ነበረኝ።»