እንቁላሉ በማን እግር ሄደ

የሚስቴ ታላቅ እህት ባሏ ሲሞት አንድ ሻንጣና አራት ዶሮ ይዛ ጓሮ ወዳለችው ክፍላችን ገባች። ቤታችን ውስጥ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። እኔም ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ነበረች።

ምክንያት አለኝ። እህቷን ለትዳር ልጠይቅ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ከሥራ በቀጥታ ነበር የደረስኩት። አናጢ ነኝ፤ ሱሪዬ ላይ ሰጋቱራ ነበረ። ሳሎናቸው ውስጥ ስድስት ወንበር ተደርድሮ እያየሁት፣ እሷ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ በር ላይ አስቀመጠችኝ። «ልብሱ ወንበሩን እንዳያቆሽሸው» አለቻት ለእናቷ፣ እኔ እየሰማሁ። እንግዲህ ወንበር ሠርቶ የሚያድር ሰው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሚስት ለመነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ አለመርሳት ብቻ አይደለም፤ ነቀዝ እንዳይገባው እንደሚፈራ እህል በየጊዜው እያወጣሁ ፀሐይ አስመታው ነበር።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ስትገባ ወንበር ሠራሁላት፤ አንደኛው እግሩ የጥፍር ያህል አጠረ። ሆን ብዬ ነው አልልም። ሆን ብዬ ግን ሳላስተካክለው ቀረሁ። ስትቀመጥ ቀጭ ይላል፣ ስትነሳ መልሶ ቀጭ። ለዶሮዎቿም እንቁላል የሚጥሉበት መጣያ አበጀሁ፤ ከተረፈ ጣውላ፣ ወለሉ ባዶ፣ ከፊቱ ጭድ የሚይዝ ከንፈር እንኳ የሌለው። ጭዱ በማግስቱ ተጭሮ አለቀ። «ለእሷ ይበቃታል» ብዬ ተውኩት። ለደንበኛ ቢሆን አሳፍሮኝ አላስረክበውም ነበር።

እትዬ ባዶ እጇን መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ነች። የዶሮ ቤቱን ቁልፍ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። በየጠዋቱ እንቁላሉን በሻሽ ይዛ ትመጣና ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች፤ ዳቦ የምትቆርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እሱን ሳታቀርብ እኛ ገበታ ላይ እጇ አይዘረጋም።

ከዚያ እንቁላሉ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ሻሹን ባዶውን አጣጥፋ መምጣት ጀመረች። ላባ ሊቀይሩ ይሆናል አለች። ሚስቴ ብርዱ ይሆናል አለች። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን እትዬ ከሰዓት በኋላ ፌስታል አንጠልጥላ ወደ ጎረቤታችን ወደ ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ አያታለሁ። ለልብስ ሰፊዋ ሕፃን ሹራብ ትሠራላት ነበርና ፌስታሉ ውስጥ ያለው ክር ነው። እኔ ግን ክር አልታየኝም። የታየኝ እንቁላል ነው።

አንድ ማታ እራት ላይ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው አድርጌ ተናገርኩት። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር። የእኛ ቤቱ በማን እግር እንደሚሄድ ነው ያላወቅኩት።»

ልጄ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሚስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ እንኳ ፊቷ ላይ አልነበረም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ሳህኔ አጠገብ አኖረችውና «እንግዲያው እግሩን አንተ ጠብቅ» ብላ ተነሳች።

እውነቱን ልናገርና በዚያች ማታ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጠዋት ቁልፉን ይዤ የዶሮ ቤቱን በር ስከፍት ገብስማዋ ዶሮ መጣያው ውስጥ ነበረች። ብድግ ከማለቷ እንቁላሉ ባዶው ጣውላ ላይ ወደቀ፤ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰማሁት። ዘወር ብላ፣ አንገቷን አዘንብላ፣ እንደ ሰዓት ጠጋኝ ባንድ ዓይኗ መረመረችው። ከዚያ ጠቅ አደረገችው። ሦስቱ ከየጥጋቸው እየሮጡ ደረሱ። እኔ ቁልፉን ጨብጬ እንደቆምኩ ቅርፊቱን ሳይቀር ጨረሱትና፣ ጠግቦ እጁን እንደሚታጠብ ሰው ምንቃራቸውን መሬት ላይ ጠራረጉ። የቀረው ትንሽ እርጥበት ነበር፤ እሱንም ጣውላው መጠጠው። የእኔ ጣውላ።

እትዬ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ክር ትጠቀልላለች። «አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ።

ሚስማር ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና መኖ ቤት ጎራ አልኩ። የጎረቤት ዶሮ አስመስዬ ለሻጩ ነገርኩት። ሻጩ ጥፋቱ የዶሮዎቹ አይደለም አለኝ። የኖራ ዘር ሲያንሳቸው ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ስስ ቅርፊት ደረቅ ወለል ላይ ሲያርፍ ይሰበራል፤ አንዴ ከቀመሱት ደግሞ ዶሮና ሞኝ የያዘውን አይለቅም። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከመኗቸው ጋር ይደባለቅላቸው። የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ግን እንቁላል መሆኑ እስኪጠፋ ይደቅ፣ አለበለዚያ ስርቆት ማስተማር ነው። መጣያው ጨለም ይበል፤ ወለሉ ወደ ኋላ ይዘንበልና እንቁላሉ እንደተጣለ ተንከባሎ ምንቃር ከማይደርስበት ይግባ።

«ለመሆኑ መጣያውን የሠራላቸው ማን ነው?» አለኝ።

«አንድ አናጢ ነው» አልኩት።

«ተወኝ ባክህ፣ ያ ማገዶ ፈላጭ ነው» አለ።

ያን ቀን የደንበኛ ቁምሳጥን ገትሬ መጣያ ስሠራ ዋልኩ። ጣውላውን ላግኩት፣ ወለሉን አዘነበልኩት፣ የምንጣፍ ቁራጭ ለበጥኩበት፤ ከኋላ ክዳን ያለው መሳቢያ፣ ከፊት ጨለም የሚያደርግ መጋረጃ አደረግኩለት። የኖራ ዱቄትም ገዝቼ ነበርና ከመኗቸው ጋር ደባለቅኩ። ሚስቴ ስትጠይቀኝ አሮጌው በስብሷል አልኳት። ሐሳቤ አጭር ነበር። እንቁላሉ ይመለስ፣ ነገሩ ይረሳ፣ እኔም ይቅርታ ከሚሉት ነገር ልትረፍ።

በማግስቱ መሳቢያው ውስጥ እንቁላል ተገኘ። ሰንበትበት ሲል ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ። አንድ ጠዋት ሳህን ላይ ደርድሬ ይዤ ገባሁ፤ ሚስቴን ደስ የሚላት መስሎኝ። ሳህኑን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

«ቁልፉ ከእጇ እንደወጣ» አለች። «እኔ እኮ ክፉ ያልኩት አንተን ነበር።»

እንቁላሉ ሲመለስ ስሟም አብሮ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። እንቁላሉ የመጣው ሊመሰክርባት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳያዳልጠው እንዲወጣ ደረጃ ሠራሁለት።

ዝም ብል ዕድሜዬን ሙሉ ከእሷ በላይ ነኝ። በር ላይ ያስቀመጠችኝን ሴት እንደ ሌባ አንገቷን አስደፍቼ ልኖር እችላለሁ። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ደስታው አልመጣም። ጣውላ ለክቼ እያሳጠርኩ እቆርጣለሁ። ልጄ የአክስቷን በር ሳታንኳኳ ማለፍ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋም ከሚስቴ አፍ ሰምታ ኖሮ፣ ሹራቡን እኔው እጨርሰዋለሁ ብላ ክሩን ወሰደች። እትዬ ከእኛ ጋር ገበታ ስትቀርብ የምትቀምሰው ዳቦና ሻይ ብቻ ሆነ፤ እንቁላሉን ወደ እሷ የገፋላትም የለ።

ቆይታ የሟች ባሏ የእህት ልጅ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችን። እዚያ ኮሪደር ላይ ፍራሽ እንደሚያነጥፉላት ሁላችንም እናውቃለን። ሚስቴ እህቷን ቅሪ አላለቻትም። አፍራባት ነበር፤ ያሳፈራት ግን እኔ ነኝ።

የምትሄድ ቀን ጠዋት ታክሲው በር ላይ ቆመ። እትዬ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ዶሮዎቹስ ብላ ሚስቴ ጠየቀቻት።

«እናንተ ዘንድ ይቅሩ» አለች እትዬ። «ለእናንተ ይጥላሉ።»

ማንንም ሳላይ ሄጄ ከእንጨት ክምሩ ሥር አሮጌውን መጣያ ጎትቼ አወጣሁና ግቢው መሃል አስቀመጥኩት። ከመሳቢያው አንድ እንቁላል አምጥቼ ባዶው ወለል ላይ አኖርኩ። ዶሮዎቹን ለቀቅኳቸው። ሚስቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ ቆማችሁ እዩ አልኩ።

አንዲትም ዶሮ አልቀረበችም። መሬት ጫሩ፣ ክንፋቸውን አራገፉ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሲበሉ የከረሙት በዚያች ሰዓት ጿሚ ሆኑ። የታክሲው ሹፌር አንገቱን በበሩ አስግጎ «ጋሼ፣ ድግምት ነው?» አለኝ። ልጄ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሰው እንዳይስቅብኝ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰውዬ ተንበርክኬ ዶሮ እለማመጣለሁ። እትዬ ብቻ አልሳቀችም።

ኋላ ገባኝ። ኖራው ቅርፊቱን አጠንክሮታል። እንቁላሉን አነሳሁና ዶሮ ቆማ በምትጥልበት ከፍታ ጣውላው ላይ ለቀቅኩት። ቀጭ አለ። ገብስማዋ አንገቷን አዘነበለች። ከዚያማ አራቱም ተረባረቡበት፤ ቅርፊቱ እንኳ አልተረፈም።

ሚስቴ መጣያውን እያየች «መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ።

ዛሬ ነው ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበረች።

«ቁልፉን በሰጡኝ ማግስት» አልኩ፣ ለእትዬ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ። «‹የለም› ያልኩዎት ጊዜ። ሲበሉት ቆሜ አይቼ ነው የወጣሁት።»

ልጄ ታዲያ ለምን ዝም አልክ አባዬ አለች። ለልጅ ምን ይባላል። ስለ ለስላሳ ሳጥኑ ተናገርኩ፤ ስለ ስድስቱ ወንበሮች፣ ሱሪዬ ላይ ስለነበረው ሰጋቱራ፣ በር ላይ ስለመቀመጤ። ዘመኔን ሙሉ ሳሰናዳው የኖርኩት ንግግር ነበር። ሳወጣው አንድ ትንፋሽ አልሞላም።

እትዬ ግንባሯን ቋጠረች። ለማስታወስ ከልቧ ስትሞክር ይታየኛል።

«የቱ ሳጥን?» አለች።

ሹፌሩ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ አለ። እትዬ ሻንጣዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ሚስቴ እያለቀሰች ሹፌሩን ሸኘችው። እኔ ተከትዬ ሄጄ ደፉ ላይ ቆምኩ። እትዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቀጭ አለ።

«ይሄም ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ማወቅህንማ አውቃለሁ። አናጢ ነህ።»

ተነሳችና ወንበሩን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። ራሷ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፤ ቀበቶውን ሳትፈታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው።

ወንበሩን በግቢው በር በኩል ወዳለችው ሥራ ቤቴ ወሰድኩት። የሚነቃነቅ ወንበር ሁለት መላ አለው። ሦስቱን እግሮች ቆርጦ ከአጭሩ ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ማንም አይነቃበትም፣ ተቀማጩ ብቻ ትንሽ ዝቅ ይላል። ወይ ደግሞ አጭሩን ነቅሎ አዲስ እግር መትከል ነው። ለቁምሳጥኑ ካስቀመጥኩት ጥሩ እንጨት አዲስ ጠረብኩ። ሙጫው እስኪይዝ ሚስቴ ምሳ ደርሷል ብላ ልጄን ላከችብኝ፤ እስኪደርቅ ልቆይ አልኳት። በመስኮቴ የእትዬ በር ይታየኛል፤ ክፍት ነው። አሁንም ሻንጣው ላይ ነች።