የማይተኛበት አልጋ

ወይዘሮ ጤናዬን ያ አልጋ ሲያቅለሸልሻት አራት ዓመት ሆኖታል። የትምህርት ቤቱ ጤና ክፍል ውስጥ የቆመ፣ ነጭ አንሶላ የለበሰ፣ ማንም ተኝቶበት የማያውቅ አልጋ ነው። ትልቋ ልጇ የኔዓለም ከዛፍ ወድቃ ቅንድቧ የተተረተረ ዕለት "ደም ያበላሸዋል" ተብሎ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ነበር ያስተኟት። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። አንሶላውም እስከ ዛሬ ነጭ ነው።

ዛሬ ደግሞ የትንሿ ተራ ደረሰ። ጤናዬ ስልክ ሲደወልላት አማኑኤል ገበያ ላይ ድንች እየሸጠች ነበር። ጆንያዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ በሚኒባስ መጥታ፣ ከአስፋልቱ ወዲህ ያለውን ጭቃ በዝናብ እየረገጠች ደረሰች። እድላዊት ከጤና ክፍሉ ክፈፍ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተኝታለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ደረቷ ላይ ትውከት ደርቋል። ዝንብ ከጎን ካለው ሽንት ቤት እየወጣ አፏ ላይ ያርፋል።

አጠገቧ የተንበረከከችው ሲስተር ፈውዚያ ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጤና ጣቢያ የምትላክ ነርስ።

"ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ደርሷል፣ እትዬ ጤናዬ። ማስታገሻ ሰጥቻታለሁ። አምቡላንስም ጠርቻለሁ፣ ግን ይቆያል። እስከዚያ ከዚህ ብርድ መነሳት አለባት።"

"በሩ ክፍት አይደል እንዴ?"

በሩስ ክፍት ነው። ሌላ ጊዜ ተቆልፎ የሚውለው ክፍል ከወረዳ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከማለዳ ጀምሮ በበረኪና ተወልውሏል፤ ጓጉንቸሩም ከነቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ፈውዚያ አቀረቀረች።

"እንግዶቹ ሳያዩት አልጋውን እንዳትነኪ ተብያለሁ።"

ርዕሰ መምህሩ ዓለምነው ጃንጥላ ይዞ መጣ። ልጅቷን ሲያይ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

"ወይዘሮ ጤናዬ፣ መስከረም ላይ የጤና መመሪያው ተነቦልዎታል። የታመመ ልጅ ትምህርት ቤት አይላክም። ፈርመዋልም።"

"ጣቴን ቀለም አስነካችሁኝ እንጂ ምን ፈረምኩ? ጧት እየዘለለች ነው የወጣች፣ መምህር።"

"ስለ ንጽሕናም ይላል። ልጆች እጃቸውን በሳሙና..."

"በምን ውኃ? ቧንቧው ከጥምቀት ወዲህ ጠብ ብሎ ያውቃል? ሳሙናስ እኔ ቤት አለ። ያንን ሽንት ቤት ገብተውበት ያውቃሉ? እኔ አንድ ቀን ገብቼ ሁለት ቀን እህል አልወርድልሽ ብሎኛል።"

ፈውዚያ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

ዓለምነው ለዘብ አለ። "እንግዶቹ እኮ ብዙ አይቆዩም። ፎቶ አንስተው እንደሄዱ እናስገባታለን። አንሶላው አንድ ነው። ከቆሸሸ ምን እናሳያለን?"

ጤናዬን ያስጠየፋት ትውከቱ አይደለም፤ የልጆቿን ትውከት በእጇ ስንት ጊዜ ጠርጋለች። ያ መሐረብ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከልጇ ትንፋሽ የሚሸሽ መሐረብ። እርስዎ ማለቱ እዚያው ላይ ጠፋባት።

"አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል።"

እድላዊትን አቀፈቻት። ጭቃ የጠጣ ጫማዋን ሳታወልቅ የተወለወለውን ወለል ረግጣ ገባችና አልጋው ላይ አስተኛቻት። ፈውዚያ ተከትላ ገብታ የልጅቷን ራስ በጎን አዞረች። ወዲያው እድላዊትን አንሶላው ላይ አስመለሳት። ዓይኗ ፈጠጠ።

"እማዬ፣ ቆሸሸ። መምህር ይቆጣል።"

"ይቆሽሽ፣ ዓለሜ። አልጋ ነው።"

ከግቢው በር የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ዓለምነው ጃንጥላውን ጣለ።

"ኧረ በማርያም፣ እትዬ ጤናዬ! መጡ እኮ! ለአንድ አፍታ ብቻ ያንሷት!"

"ይግቡ። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠቡ፣ መመሪያው ይላል ብለኸኝ የለ?"

"እና እኔ ምን ልበላቸው?"

"ልጅ ታመመች በላቸው። ሌላ ምን ትላለህ? አንሶላውን ቅዳሜ እኔ አጥበዋለሁ። በየቅዳሜውም አጥበዋለሁ።"

ከግቢው በር በኩል የእግር ኮቴ ሲቀርብ ጤናዬ ወደ በሩ ሄደች። ዓለምነው ልትወጣለት መስሎት መንገድ ለቀቀ። እሷ ግን ቁልፉን ከጓጉንቸሩ መዝዛ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችና ተመልሳ ከልጇ ራስጌ ተቀመጠች።