የአብዶ ቁርጥራጮች

ሱሉልታ ብርድ ነው ሲሉኝ እስቃለሁ። እኔ የሰፋሁትን ለብሶ የተኛ ሰው ብርድ የሚባለውን ነገር ረስቶታል። ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ሱቄ ከውጭ ሲያዩዋት ጠባብ ናት፤ ከእሷ የወጣው ልብስ ቢዘረጋ ግን ከሰበታ ተነስቶ፣ መናገሻን አልብሶ፣ ሱሉልታ ላይም ይተርፋል። ስማቸውን የማልጠራው አንድ ትልቅ ሰው ሹፌራቸውን ልከው ለአልጋቸው አሰፍተዋል። ሹፌሩ ራሱ ከመኪናው ኋላ ደብቆ ለራሱ ሌላ አሰፋ።

ቁርጥራጭ ጨርቅ እርስ በርሱ ገጥሜ፣ መሃሉ ጥጥ አድርጌ፣ ከሥር ገበር ሰጥቼ የምሰፋውን ይህን ልብስ ባለመደብሮቹ ኮምፎርት ይሉታል። እኔ ድሪቶ ነው የምለው። ድሪቶ ሲባል የደሃ ልብስ እየመሰለው ፊቱን የሚያጠቁር ደንበኛ አይጠፋም፤ እሱን ሌላ ሱቅ ሂድ እለዋለሁ።

ሰው ሁሉ "ኡዘይር፣ ሙያውን ከአባትህ ነው የወረስከው?" ይለኛል። አባቴ አብዶ በእርግጥ የሰበታ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰውን በዓይኑ ብቻ ለክቶ ሱሪ የሚቆርጥ፣ ያ ሱሪም ሰውየው ወፍሮ ከስቶ እንኳ ልክ የሚሆንለት ሰፊ ነበር። እኔ ግን እሱ በሕይወት ሳለ መርፌ ነክቼ አላውቅም። የጀመርኩት ከተቀበረ በኋላ ነው።

ያኔ ከሰበታ አየር ጤና በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ። ዓለም ገና ላይ ስጣራ አየር ጤና ያለው ተሳፋሪ ድምፄን ሰምቶ ዕቃውን ያነሳ ነበር። አባቴ "ይህን ጉሮሮ ትተህ ና እግርህን ፔዳል ላይ አድርግ" ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መዋል እስር ቤት ይመስለኛል። እንዲህ እየተባባልን ሳለ ልቡ በድንገት ቀጥ አለ።

በእኛ ዘንድ ሰው ከመቀበሩ በፊት ቀባሪው ይጠየቃል። ኡስታዙ ቆመው "ከአብዶ ላይ ሐቅ ያለው ይናገር፤ አውፍ የሚልም አውፍ ይበል" አሉ። አውፍ ማለት ይቅርታ ነው፤ ሐቅ ማለት ደግሞ የሰው ድርሻ፣ የሰው የሆነ ነገር ነው፤ ያን ይዞ መሄድ ለሟች ከባድ ነው። አንድም የተናገረ አልነበረም። "አውፍ ብለናል!" አለ ሕዝቡ። እናቴ ሳሊሃ ይህን ስንነግራት ትንሽ ተነፈሰች።

ሰላሟ የቆየው የአባቴን ዕቃ ከሱቁ ወደ ቤት እስክናመጣ ድረስ ነው። የስፌት መኪናው፣ መቀሱ፣ ካውያው፣ ሁሉም መጣ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ የታሰረ ጆንያ ነበር። እህቴ ራያ ፈትታ አፈሰሰችው። ካኪ፣ ቴትሮን፣ ፖፕሊን፣ አበባ ያለበት የድርያ ጨርቅ፣ የሰርግ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፤ የሰበታ ሰው በሙሉ ተቆራርጦ ወለሉ ላይ ተነጠፈ።

"የማን ነው ይኼ?" አለች እናቴ።

"የአባባ ነዋ" አለች ራያ።

"አባትሽ ጨርቅ ነጋዴ ነበር እንዴ? ጨርቁን ገዝቶ የሚያመጣው ባለቤቱ ነው። የሱ ድርሻ መስፋት ነው። የተረፈውስ የማን ነው?"

መቼም ልብስ ያሰፋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰፊ ጨርቅ ያስተርፋል ተብሎ ይታማል። የአውራ ጣት ያህሉን ማንም አይጠይቅም፣ በመጥረጊያ የሚሄድ ነው። እዚያ ውስጥ ግን እጅጌ የሚወጣው፣ ለሕፃን ሱሪ የሚሆን ነበር። እናቴ አንዱን ታነሳለች፣ በመዳፏ ትለካዋለች፣ ታስቀምጠዋለች።

"እማ፣ ቀብሩ ላይ እኮ ሁሉም አውፍ ብሏል" አልኳት።

"ያላወቁትን ነው አውፍ ያሉት" አለችኝ። "የማያውቁት ይቅር ይባላል እንዴ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አላት። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳ ትቀመጣለች፤ ጊዜው እስኪያልቅ ያለ ብርቱ ጉዳይ ከግቢዋ አትወጣም። "ብችል በየቤቱ ዞሬ እለምን ነበር" አለችኝ። "አባትህ የሰው ነገር አንገቱ ላይ ታስሮ ተኝቷል። ውጣና አራግፍለት።"

ወጣሁ። ጆንያውን ተሸክሜ ገበያ መሃል ገለበጥኩትና በረዳት ጉሮሮዬ "የአብዶ ትራፊ! የራስህን እያየህ ውሰድ!" ብዬ ጮህኩ። አላህ ያሳያችሁ! አባቴን በመልክ የማያውቁት ሳይቀሩ ባለሐቅ ሆኑ። ከተጂ ከተማ እህል ይዛ የመጣች ሴት ሦስት አበባ ጨርቅ መርጣ "ይኼ የሰርጌ፣ ይኼ የእህቴ፣ ይኼ ደግሞ የሚዜዬ" አለችኝ። ልጆች ከቁርጥራጩ ኳስ ሠሩ። የቀረውን ንፋሱ እየነጠቀኝ አባርሬ ለቀምኩ።

እናቴ ጎድሎ የመጣውን ጆንያ አየችው። "ሰጠህ ወይስ አስዘረፍክ?"

"ሰው ሌባ ሆኗል እማ!"

"ስፋው" አለችኝ። "ሁሉንም ግጠምና አንድ አድርገው። የተሰፋ ነገር ኪስ አይገባም። ዘርግተን እናሳያለን፤ የኔ ነው ያለ ይቆርጣል፣ የተወም ይተዋል።"

"ለሰፊ እንስጠው በይኛ።"

"እሱስ እንደማያስተርፍ በምን አውቃለሁ?"

ራያ ከሳቋ የተነሳ ግድግዳ ተደገፈች። እናቴ ግን አልሳቀችም።

የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አወጣሁት። ፔዳሉን ስረግጥ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ጨርቁ ይሸበሸባል። ራያ "ሚኒባስ መሰለህ እንዴ? ሰው ሳትገጭ ቀስ ብለህ ንዳ!" ትለኛለች። መርፌው ጣቴን በስቶ አልፎ፣ ከሥር ያለውን ብረትም የበሳው ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት ግን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬና እጄ ተስማሙ። አንድ የካኪ ቁራጭ ከአንድ የድርያ አበባ ጋር ገጥሞ ከመርፌው ሥር ቀጥ ብሎ ወጣ። ገልብጬ አየሁት። የስፌቱ መስመር አልዞረም፣ አልዘለለም። ሁለቱ ጨርቆች ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ብጎትታቸውም አይለያዩም። ጮክ ብዬ ልናገር ብዬ የምጠራው ሰው አጣሁ። ሊያይልኝ የሚገባው ሰው ተቀብሯል።

ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሌላ ረዳት ፈለገ።

ልብሱ ሲያልቅ የቆርቆሮ አጥራችንን ከጥግ እስከ ጥግ ሸፈነው። ልሸልል ብዬ አይደለም፣ ከጅማ መንገድ የሚመጣ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ አይቶታል። በገበያ ቀን ሰቀልኩት። እናቴ ከቆርቆሮው ወዲያ፣ ግቢ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሰው አያያትም፤ እሷ ግን የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ጎበና ናቸው፤ ስንዴ የሚያርሱ፣ አባቴ ሱሪያቸውን ሲሰፋላቸው የኖረ ሽማግሌ።

"አካም ጂርታ፣ ኡዘይር! ይኼ ምንድነው፣ ባንዲራ ነው?"

ነገርኳቸው። በከዘራቸው እየነኩ ተራመዱና ካኪው ጋ ቆሙ።

"ይቺ የኔ ናት። እግሬን እየው፤ የኔ ቢጤ አጭር ካላስተረፈ ማን ያስተርፋል?" አሉና ወደ ቆርቆሮው ጮሁ። "ሳሊሃ! ትሰሚያለሽ? እኔ ትቼለታለሁ! ዋቃ ነፍሱን ይማረው!"

ከወዲያ በኩል በርጩማው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚያ ሌላው መጣ፣ ሌላውም። አንዷ የሰርግ ልብሷን ስታይ አለቀሰች፣ አንዱ የወንድሙን ዩኒፎርም ዳበሰ። "ትተናል"፣ "አውፍ ብለናል"፣ "እግዜር ይማረው"። መቀሱን በገመድ አንጠልጥዬው ነበር፤ የነካው የለም።

እትዬ ደስታነሽ የመጡት ሰው ሲሳሳ ነው። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ከአንዱ ጫፍ ጀምረው ዝም ብለው አዩ። አንድ ቢጫ ቁራጭ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጅጌ የሚያህል፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ።

"ይኼ ከጆንያው ነው የወጣው?"

"አዎ እትዬ።"

"አባትህ ጨርቁ አልበቃም ብሎኝ ነበር።"

ጣታቸውን በነጠብጣቡ ላይ አሳለፉ።

"ለልጄ ለቲና ያሰፋሁት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለእንግዶቹ አበባ እንድትሰጥ መርጠዋት። ጉልበቷን ይሸፍን ብዬው ነበር፤ አልበቃም ብሎ አሳጥሮ ሰጠኝ። በዚያ ቀን የተነሳችው ፎቶ አለኝ። አበባውን በብብቷ ይዛ፣ በሁለት እጇ ቀሚሷን ወደ ታች ስትጎትት ነው። ሌላ ፎቶ የላትም። በክረምቱ ታመመች፣ አልተረፈችም።"

መቀሱን ያዙ። ስፌቴን ሳይነኩ፣ ከውስጥ በኩል ብቻ፣ ቢጫውን ዙሪያውን ቆርጠው አወጡት። አጥፈው ጡታቸው ሥር ሸጎጡትና ሄዱ። በቀዳዳው በኩል ቆርቆሮው ታየ።

ግቢ ስገባ እናቴ እዚያው በርጩማዋ ላይ ናት። ሁሉንም ሰምታለች።

"አውፍ አለችው?"

"ጨርቋን ወሰደች" አልኳት።

"ወሰደች" አለች። "ሐቋ ነው።" ተነስታ ገባች። ልብሱን አወረድኩት፤ ማንም አልለበሰውም። እናቴ ሌላው ሰው ሁሉ ያለውን ረስታ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቷ ስታዞር ትውላለች። አንድ ልጅ ጉልበቷን ለመሸፈን ቀሚሷን ስትጎትት፣ ያ ጨርቅ ከአባቴ ጠረጴዛ ሥር ነበር። ምን ይባላል? አባቴን የማወድስበት አፍ አለኝ፤ ለዚህ ግን ማስተባበያ አላገኘሁለትም፣ ዛሬም የለኝም።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ደስታነሽ ናቸው፤ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። በረንዳው ላይ ተቀመጡና ፈቱት፤ ቀሚሱና ቢጫው ቁራጭ። ቀሚሱ ታጥቦ ታጥቦ ገርጥቷል። ቁራጩ ጆንያ ውስጥ ፀሐይ ሳያየው ስለኖረ እንደተገዛ ነው፤ አንድ ጨርቅ ነበሩ ቢባል የሚያምን የለም።

"ታች ላይ ቀጥልልኝ" አሉኝ።

"መልኩ አይገጥምም እትዬ፤ ያስታውቃል።"

"ያስታውቅ።"

እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

በመኪናው አልሰፋሁትም። የድሮውን ቅምቅማት፣ የታችኛውን እጥፍ፣ ፈትቼ ያረጀውን ጫፍ ቆረጥኩ፤ የገረጣ ቢጫ ጠርዝ በእጄ ቀረ። ቁራጩን በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ ገጠምኩና በእጅ፣ እያንዳንዷን ስፌት እያየሁ፣ ዞርኩት። ስጨርስ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ሰጠኋቸው። እትዬ ደስታነሽ ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ጫፉን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ሳብ አደረጉት።

"ደረሰ" አሉ።

ከዚያ ከቅምቅማቱ የተፈታውን ጠርዝ አነሱና ወደኔ ዘረጉት። "ይኼን እዚያ የቆረጥኩበት ላይ አድርገው።"

ልብሱን አመጣሁ፣ አየሁት። "አይበቃም" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እናቴ የበሩን መቃን ያዘች። እትዬ ደስታነሽ ቀና ብለው አዩኝ።

"ዘንድሮም?" አሉ።

"ይዩት እትዬ፣ በእጅዎ ይለኩት።" ጠርዙን ቀዳዳው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ቀዳዳው ስንዝር ነው፤ ጠርዙ ሁለት ጣት። ራሳቸው ለኩት፣ አዙረው እንደገና ለኩት።

"እውነትም አይበቃም" አሉ። ከንፈራቸው ዳር ላይ የሳቅ ነገር መጥቶ ጠፋ። "አባትህ እንዲህ አስቀምጦ ቢያሳየኝ ኖሮ..." አልጨረሱትም። ወደ በሩ ዞሩ።

"ሳሊሃ።"

"አቤት።"

"ይቅር ብዬዋለሁ። አውቄ ነው።"

እናቴ ገብታ ተመለሰች፤ የራሷን ሻሽ ጫፍ ቀድዳ ይዛ ነበር። "በዚህ ሙላው" አለችኝ። በሻሹ ቀዳዳውን ደፈንኩና የገረጣውን ቢጫ ጠርዝ ከላዩ ላይ ሰፋሁት። እየሰፋሁ ሳለ ሁለቱ ሴቶች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው እጄን ያያሉ። እናቴ ያን ቀን በላች።

ያ ልብስ ዛሬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ሊገዙት ለምነውኛል፣ ተንበርክከው ማለት ይቻላል። አይሸጥም። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛም እየቸኮለ ቢሆን እንኳ አይሄድም፤ የተረፈውን ጨርቅ ፊቱ ዘርግቼ፣ በገዛ እጁ አስለክቼ፣ አስሬ እሰጠዋለሁ። "ጣለው በቃ" ይለኛል። አልጥለውም። ተወው ካለኝ፣ አይቶ ተወው ካለኝ፣ ያኔ ድሪቶዬ ውስጥ ይገባል።