የተካልኝ እጅ

ሀሊሜ የተሰበረውን አልጋ ከጋሪው ላይ አስወርዳ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስጣለችው።

"ሚፍታ! ና ውጣ! ይኼ ሥራ ነው? አባቴ በዚህ እርጅናቸው ትናንት ገና ጋደም ከማለታቸው ከነፍራሻቸው ዱብ አሉ!"

ሚፍታ ግራይንደሩን አጥፍቶ እየሮጠ ወጣ። የአልጋው አንድ እግር ከነብየዳው ተገንጥሏል። አየት አደረገውና አንገቱን ደፋ።

"ተጎዱ እንዴ?"

"ወገባቸውን ይዘው ተኝተዋል። አላህ ነው ያተረፋቸው።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። ወላሂ፣ ዛሬውኑ ሠርቼ ራሴ አደርሰዋለሁ። እሳቸውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

በቀለች የብየዳ ማስኳን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ጥፋቱ የሚፍታ እንዳልሆነ ታውቃለች። ያንን አልጋ የበየደችው እሷ ናት።

በቀለች አምሳን ያለፈች ሴት ናት። ዕድሜዋን ሁሉ አሰላ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና፣ ጥፍሯ ሳይቆሽሽ ነው የኖረችው። አንድ ልጅ ነበራት፣ ተካልኝ፤ ይህን ብየዳ ቤት ከባዶ ያቆመ፣ እጁ የተመሰገነ በያጅ። ብረት ሊገዛ አዳማ ሲሄድ ኢተያን ሳያልፍ መኪና ተገልብጦበት ቀረ። አርባው እንደወጣ ዘመድ ተሰብስቦ "ማሽኑን ሽጪው፣ ቤቱን አከራዪው" አላት። እሷ ግን ሥራዋን ለቀቀች። የልጇን ቱታ እጅጌውን ጠቅልላ ለበሰችና፣ የልጇ ሠራተኛ ለነበረው ለሚፍታ ረዳት ሆና ገባች። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አሉ ዘመዶቿ። ይበሉ! ልጄ የደከመበትን ለባዳ አልሰጥም አለች። እናት አይደለችም እንዴ?

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃታል። ሚፍታ ኢተያ ላይ አጎቱ ቦታ ሰጥተውታል፤ የታጨችለት ፈይሩዛም ያለችው እዚያው ነው። የስንዴው አጨዳ ሲያልቅ መሄዱ ነው። እስከዚያ ሙያው ካልገባት የተካልኝ ቤት ይዘጋል።

ደግሞስ የገባት መስሏት ነበር! ጠዋት ጠዋት ቤቱን ስትከፍት ትናንት የበየደችውን በጣቷ ትዳስሰዋለች። እኩል የሆነ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፤ ቁርጥ የተካልኝ ብየዳ። "እጄ እጁን መሰለ" እያለች ስንት ቀን ተጽናንታለች።

አሁን የተገነጠለውን እግር አነሳችና ወደ ብርሃን አዞረችው። ጉብጉብ ያለ፣ መሃሉ ባዶ የቀረ፣ ብረቱን ሳይነክስ ላዩ ላይ የተለጠፈ ብየዳ ነው። ይህን የሠራችው ሚፍታ ለሠርጉ ጉዳይ ኢተያ ሄዶ ያደረ ቀን ነበር። ሀሊሜም በማግስቱ ማለዳ፣ እሱ ሳይመለስ፣ መጥታ ወሰደችው። ነገሩ ቀስ እያለ ገባት።

ሀሊሜ እንደሄደች ጠየቀችው።

"ሚፍታ፣ ሌላው ሁሉ እንዴት አምሮ ተገኘ?"

"እሱማ... አንዳንዴ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከነካው..."

"አትዋሸኝ፣ ልጄ። እኔ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ምን ታደርጋለህ?"

ሚፍታ መሬት መሬቱን አየ። "የርስዎን በግራይንደር ፍቄ አነሳውና እንደገና እበይደዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም፣ እትዬ።"

ብረት ክምሩ ላይ ቁጭ አለች።

"ምነው ብትነግረኝ?"

"ሐዘንተኛን ምን ብዬ ልቆጣ? ጠዋት ብረቱን ሲዳስሱ አይዎት ነበር። ፊትዎ ይበራል። ይኼ የርስዎ ሥራ አይደለም ልበል? አፌ እንቢ አለኝ።"

አይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት እንዳፈረስክ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ልጁ ለሷ ሲያዝን የማታ ዕረፍቱን አጣ፣ የሷንም እጅ ዱልዱም አድርጎ አስቀረው፣ ሽማግሌ አስወደቀ።

"ታዲያ የተካልኝን የመሰለውስ?"

"እሱ አይደል ያስተማረኝ?"

በቀለች ያን ጊዜ አለቀሰች። ልጇን ዛሬ እንደገና የቀበረችው መሰላት። ሚፍታ አጠገቧ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ሲወጣላት ፊቷን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች።

"እንዴት ነበር የሚያስተምርህ?"

"ውይ እትዬ! ስንት ወር ዝገት ብቻ ነው ያስፈገፈገኝ። 'ብረቱን ሳታውቅ እሳት አትነካም' ይላል። ሳበላሽ ደግሞ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል።"

"እቤትማ ድምፁም አይሰማም ነበር" አለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግ አለች። "ክፉ ነበር?"

"ክፉስ አልነበረም። ሥራ ላይ ግን ወንድምም አያውቅ።"

በቀለች ማስኩን ከራሷ ላይ አወለቀች። በተካልኝ ላብ የወየበውን የውስጡን ማሰሪያ ትንሽ ዳሰሰችና ለሚፍታ ዘረጋችለት።

"እንካ። ኢተያም ይዘኸው ሂድ።"

"ኧረ እትዬ፣ ይኼማ የልጅዎ..."

"እጁ ያለው አንተ ጋ ነው። ማስኩ እኔ ጋ ምን ይሠራል? ሠርግህንም በኔ የተነሳ አንድ ቀን እንዳታራዝም። ማታ አልጋውን ስናደርስ ደግሞ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ለሽማግሌው እራሴ ነው የምነግራቸው። ከዛሬ ጀምሮ እኔንም እሱ እንዳስተማረህ አስተምረኝ።"

"አጨዳው እስኪያልቅ እኮ ሙያው ላይ አይደርሱም..."

"ካልደረስኩ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ኢተያ መጥቼ አንተው ዘንድ ዝገት እፈገፍጋለሁ።"

ብረት ብሩሹን አነሳች። ከጥጉ አንድ የዛገ ቱቦላሬ ብረት ጎትታ ጭኗ ላይ አጋደመችውና መፈግፈግ ጀመረች። ሚፍታ ማስኩን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን "ይተዉት፣ እትዬ" ብሎ ከእጇ ይቀማት ነበር። ጨረስኩ ብላ ቀና ስትል ተጠግቶ ብረቱን ገለበጠው፤ በአውራ ጣቱም ፈተሸው።

"ይኼኛው ጎን አልጠራም" አለ፣ ብረቱን ጭኗ ላይ እየመለሰ። "እንደገና።"

በቀለች ብረቱን አዞረችና እንደገና ጀመረች።