ጠጋ የማይል አሸዋ

ንጋቷ አግዳሚ ወንበሩን ሠርታ የጨረሰች ዕለት ከሱቋ በረንዳ ላይ አወጣችውና «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ካርቶን አስቀመጠችበት። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ሞልቷል፤ አትቀመጡብኝ የሚል ወንበር ግን ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ የለበሰ ሶፋ የሚሸጠው ሙሴ ሊያነበው ተሻግሮ መጣ፤ አነበበና ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ፈገግታው ከስድብ ባሰባት።

ሙሴ ቀድሞ ከእሷ ጋር ይሠራ ነበር። አንድ ቀን እሱ የገጠመውን እንጨት በሁለት ጣቷ ነቅነቅ አደረገችና «ይሄ መጋጠሚያ ነው ወይስ ሰላምታ?» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ማዶ ተከራየ። ከእሱ በፊት በቤተ ክርስቲያን አብራት የምትዘምር ጓደኛ ነበረቻት፤ የእሷም ወዳጅነት በአንድ የንጋቷ ዓረፍተ ነገር አለቀ። የንጋቷ አፍ የሰውን ጉድለት ከእንጨት ጉድለት ለይቶ አያውቅም። ሁለቱንም እንዳየ ይናገራል። እንጨቱ ተልጎ ይስተካከላል፤ ሰው ግን ይሄዳል።

ሙያውን ማንም አላስተማራትም። «ከማን ተማርሽ?» ሲሏት «ከእጄ» ትላለች፤ ውሸትም የለውም። በማታውቀው ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎችን ቪዲዮ ስልኳ ላይ እያቆመች፣ አፋቸውን ትታ ጣታቸውን እያየች ነው የተማረችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን ነበር የምትኖረው።

አዲሱ የመናኸሪያ መጠበቂያ አዳራሽ ወንበር እንደሚፈልግ በተነገረ ጊዜ የከተማው አናጢ ሁሉ ዋንዛ ዋንዛውን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ከጫካ የተቆረጠ እንጨት አንቀበልም፣ ወንበሩም ለሰው ደኅንነት ተፈትኖ ካላለፈ አይገባም ሲባል ሰልፉ ሳሳ። ንጋቷ ግን ይህንን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ነው የሚመስለው። ቴፒ ካለው እርሻ አርጅቶ የተቆረጠ የቡና ጥላ ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ለማገዶ ሲሸጥ እያየች ይቆጫት ነበር፤ እሱን አምጥታ መቀመጫ አደረገችው። ለእግሩ ደግሞ ማፍራት አቁሞ የተነቀለ የቡና ግንድ መረጠች፤ ጎባጣ ነው፣ ግን እንደ አጥንት ይጠነክራል። ቫርኒሽ አልቀባችውም፣ ሽታው ሰው ያሳምማል ብላ። ከሸኮ የመጣ የማር ሰም ሞቅ አድርጋ በጨርቅ አሸችው። የሕፃን ግንባር የሚደርስበትን ጠርዝ ሁሉ አለዘበች፤ የሕፃን ጣት የሚገባበትን ክፍተት ሁሉ ዘጋች።

የኮራችበት ግን ቅርፁ ነበር። ሁለቱን እግሮች ወደ መሀል ሰብስባ፣ የወንበሩን ጫፎች አየር ላይ ትታቸዋለች። ከሩቅ ለሚያየው ወንበሩ መሬት የነካ አይመስልም። የአዳራሹ ግንባታ አማካሪ መሐንዲስ ኢንጂነር ሀይደር ሥዕሉን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገና «እንጨት እንዲህ ሲቀል አላየሁም» አለ። ከዚያም መጥቼ እሞክረዋለሁ፣ ካለፈ አዳራሹ የአንቺ ነው ብሏት ሄደ። ያችን አንዲት የአድናቆት ዓረፍተ ነገር ንጋቷ ስንት ጊዜ ለራሷ እንደደገመቻት እግዜር ይወቅ። ከሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች ቆይታለች።

እስኪመጣ ድረስ ራሷ ፈተነችው። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ደርድራ ትጭንበታለች፤ ሰው ደክሞት ዘፍ እንደሚለውም ከትከሻዋ ትለቅበታለች። እየዋለ ሲያድር ለማዳበሪያዎቹ ስም አወጣችላቸው፤ ወፍራሙ ዳኛው፣ ቀጭኗ ተማሪዋ፣ አፉ በገመድ የታሰረው ደግሞ የቱም ከተማው ነጋዴ። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት «እንደምን አደራችሁ» ትላቸዋለች። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ከአፏ የሚወጣው ሰላምታ እሱ ብቻ ነበር። ወንበሩ ሁሉንም ተሸከመ። ጫፉ ላይ ራሷ ወጥታ ተቀመጠች፤ ንቅንቅ አላለም። እሷ ደግሞ ምን ትመዝናለች።

ዝናቡ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ዘምቢል ያንጠለጠሉ ሰዎች ሮጠው ከቆርቆሮው ሥር ገቡ። ዝንጅብልና ኮረሪማ የሚሸጡት እትዬ የሺሃረግ ካርቶኑን ከወንበሩ አነሱና ራሳቸው ላይ ደፍተው ተቀመጡ። የቀረውም ተከተላቸው። ንጋቷ ልታባርራቸው መላጊያዋን እንደያዘች ብቅ አለች፤ ግን በሩ ላይ ቆመች። ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት ሌላ ነበር። አንዱ የሌላውን ዕቃ ጭኑ ላይ ይዞለታል፤ ሁለት ሴቶች በቤንችኛ እየተጎነታተሉ ይስቃሉ። ትንሽ ልተዋቸው አለች በልቧ።

ያኔ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ተነሥቶ ቦታ መልቀቅ ዝናብ ውስጥ መግባት ነው፤ ሽማግሌ ማቆም ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ተባባሉ። ለክብራቸው የሚሆን ሰፊ ቦታ ለመልቀቅ ሁሉም ወደ አንድ ጫፍ ተንሸራተተ፣ ተጠቃቀጠ። ጋሽ ወልደጻድቅ ገና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ባዶው ጫፍ ወደ ላይ ተነሣ፤ ወንበሩ እንደ ሚዛን አጋደለና ሰውን ሁሉ በረንዳው ላይ ዘረገፈው። ከሁሉ ሥር የወደቁት ጫፍ ላይ የነበሩት እትዬ የሺሃረግ ናቸው። ዝንጅብላቸው ጭቃው ውስጥ ተበተነ።

የንጋቷ አፍ ከእጇ ይፈጥናል።

«ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው የለም?»

ሳቅ ጀምረው የነበሩት ዕቃቸውን መሰብሰብ ያዙ። እትዬ የሺሃረግ አንጓቸውን በሌላው እጃቸው ይዘው ተነሡ፤ ራሳቸው ላይ የነበረውን የረጠበ ካርቶን አውርደው በቀስታ ሰጧት።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያነበብኩት ወንበሩን ነው።»

ዝንጅብሉን ለቀሙላቸው፤ ከዚያ ዝናቡ ሳያባራ ሁሉም ሄዱ። እንዳይበሰብሱ የተጠለሉት ሰዎች መበስበሱን መረጡ። ሙሴ ማዶ ካለው በሩ ሆኖ፣ ከፍ ባለ ግን ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ ወንበርሽም እንዳንቺ ሰው አያስጠጋም ማለት ነው አላት።  

ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገብታ ማዳበሪያዎቿን ጫነችበትና ወደ አንድ ጫፍ ገፋቻቸው። ወንበሩ ገለበጣቸው። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ገለበጣቸው። ዳኛው ወለሉ ላይ ተቀዶ አሸዋውን አፈሰሰ። እስከዚያ ቀን ያስቀመጠቻቸው ቦታ ተደርድረው ነበር የሚውሉት፤ አሸዋ ለማንም ጠጋ አይልም። እሷስ ከሰው ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቃ፣ ጠጋ በይ ተብላ፣ ጠጋ በሉ ብላ የተቀመጠችው መቼ ነበር? አሰበች። ሊመጣላት አልቻለም። ሥዕሉን ስትሥል ከእያንዳንዱ ሰው ግራና ቀኝ ክፍተት ትታ ነበር፤ ያንን ክፍተት ያወቀችው ከራሷ ኑሮ ነው።

የመሐንዲሱ ፈተና ግን ገና ነው። ማዳበሪያ እኩል ተደርድሮ ቢጫንበት እንደሚያልፍ ታውቃለች። የወደቁት ሰዎች ለመሐንዲስ የሚነግሩበት ምክንያት የላቸውም። አዳራሹ የእሷ ይሆናል፤ ያ የሚንሳፈፍ ነገር መሀል ከተማ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ሙሉ እጇን አጣጥፋ ይህንን ስታመነዥክ ዋለች። ወደ ማታው ላይ እትዬ የሺሃረግ በመንገዱ አለፉ። አንጓቸው በነጠላ ቁራጭ ታስሯል፤ ሁልጊዜ በቀኝ የሚይዙትን ዘምቢል በግራ ይዘውታል። ወደ ሱቁ ዞር አላሉም።

ንጋቷ መሮዋን አነሣች። እግሮቹን ነቀለቻቸው፤ ወደ ሁለቱ ጫፎች አወጣቻቸው፤ የቀድሞውን ቀዳዳ በዚያው እንጨት ደፈነችው። ሲያልቅ ወንበሩ እግሩን አንፈራጦ የቆመ ጎረምሳ መሰለ። ጠንካራ ነው። መሬቱን ረግጧል። ለረጅም ሰዓት ፊት ለፊት ልታየው አልደፈረችም።

ማዳበሪያዎቹ በአንድ ጫፍ ሲከመሩበት ቻለ። እሷ ግን ማዳበሪያ ማመን ትታለች። ሰው ያስፈልጋታል። ስልኳን አውጥታ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየች፤ ኮላ ሻጭ፣ ሰም ሻጭ፣ የጭነት መኪና። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

በማግስቱ ገበያ ወረደች። ይቅርታ የሚለው ቃል መንገዱን ሙሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ እትዬ የሺሃረግ መደብ ፊት ስትቆም ጠፋ።

«እትዬ የሺሃረግ፣ ነገ ከሰዓት ሱቅ ብቅ ቢሉ ብዬ ነበር። ከጎረቤቶችዎ ጋር።»

«ለምን?»

«ለመቀመጥ።»

ሴትዮዋ አጠገባቸው ያሉትን ሻጮች አዩ። «ሰው ለሠርግ ይጠራል፣ ለለቅሶ ይጠራል። ለመቀመጥ ጥሪ ግን ዛሬ ሰማሁ። ወንበር የሚሞክርልሽ ዘመድ፣ ጓደኛ የለሽም?»

«የለኝም» አለች ንጋቷ። ከአፏ ሹል ነገር ሳይኖርበት የወጣ ነገር ስለሆነ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

እትዬ የሺሃረግ የታሰረ እጃቸውን ገለበጡና አዩት። «ደግሞ ብወድቅስ?»

«እኔ ሥር ተኝቼ ነው የማየው። ከወደቀ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።»

መጡ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ይዘው፣ ጋሽ ወልደጻድቅንም ከመንገድ ጠርተው መጡ። ንጋቷ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፋ ከወንበሩ ሥር በጀርባዋ ገባች። ከዚያ ሆና የሚታያት እግር ብቻ ነበር፤ የላስቲክ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ጭቃ የያዘ ቦት። ከላይ ጠጋ በሉ ተባባሉ፣ ወደ አንድ ጫፍ ተጠቀጠቁ፣ ባዶውን ለጋሽ ወልደጻድቅ ለቀቁ። እንጨቱ አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። ይህንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ሸክሙን ሲቀበል የሚያሰማው እንጂ ሲሰበር የሚያሰማው አይደለም። ጸና።

ፈተናው እዚያ ላይ አብቅቷል። ሰዎቹ ግን አልተነሡም። ስለ ዝንጅብሉ መድረቅ፣ ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስልክ ስለማታነሣ ልጅ፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ድሮ ስለ ገረፉት አንድ ተማሪ ያወሩ ጀመር። እሷ ሥር መሆኗን ረሱት። ንጋቷም መውጣት ነበረባት፤ አልወጣችም። ሳቃቸው በእንጨቱ በኩል ጆሮዋ ድረስ ይንቀጠቀጥላት ነበር። ወሬው እንዳይቋረጥ ትንፋሿን እንኳ ቀስ አድርጋ ተነፈሰች።

«ልጅቷስ የት ሄደች?» አለ አንድ ድምፅ።

«ሥር ናት» አሉ እትዬ የሺሃረግ። «ትውጣና ትቀመጥ እንጂ። ጠጋ በሉላት።»

ከላይ እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ፣ ቦታ ሲከፈት አየች። ስንት ጊዜ ሳትሰማው የኖረችው ቃል መጥቶ ከራሷ በላይ ተቀምጧል። አፏ ግን ቀደማት።

«ሥራ ላይ ነኝ። አትነካኩኝ።»

አንዳቸው እህ ብለው ሳቁ። ቦታው ክፍቱን ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እግሮቹ መልሰው ሞሉት። ጥቂት እንደቆዩ እየመሸብን ነው ብለው ተነሡ። ወጥታ እጇን ወንበሩ ላይ ስታሳርፍ እንጨቱ ገና ይሞቅ ነበር።

ኢንጂነር ሀይደር በቀጠሮው መጣ። የራሱን የመፈተኛ ሸክም ይዞ መጥቶ፣ ማንም ሳይነግረው ሁሉንም በአንድ ጫፍ ከመረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተደፈነውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«የመጀመሪያው ያምር ነበር» አለ። «ግን ሥዕሉን ካየሁ ጀምሮ ጫፉን ፈርቼለት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ሊጎዳት ፈልጎ አልነበረም፤ በፈገግታ ነው የመለሰላት። «አንቺን ማን ይነግርሻል?»

አዳራሹን ሰጣት። ወንበሮቹን ሠርታ ስትጨርስ የጭነት መኪናው እየተመላለሰ ወሰዳቸው፤ የመጀመሪያው፣ ቀዳዳው የተደፈነው፣ በረንዳዋ ላይ ቀረ። ካርቶኑን ጣለችው። ሥራ እያለባትም ሰዓት ጠብቃ፣ ገበያው በሚመለስበት ጊዜ፣ ወጥታ ተቀመጠችበት።

እትዬ የሺሃረግ አለፉ። እጃቸው ተፈቷል፤ ዘምቢላቸውን በቀኝ ይዘዋል። «ደህና ዋልሽ?» አሏት። ደህና ዋሉ አለች። ልትጨምር አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀድመው ሄደዋል፤ ቤታቸው ሩቅ ነው፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ አለፉ። ሙሴ ማዶ ሶፋውን ጠረገ፣ ገባ።

ንጋቷ ያኔ ነው ራሷን ያየችው። ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ተጣብቃ፣ የቀረውን ሁሉ ለቅቃ ነበር የተቀመጠችው። ወደ መሀል ልትመለስ አሰበችና ተወችው። አንገቷን አውጥታ ከቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ሰማይ አየች። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በማያጣው ሚዛን፣ የዚያን ቀን አንድ እንኳ ደመና አልነበረም።