የጠዋቱ ማሊያ

ጎሉ እንደገና ገባ። ወንድይፍራው ከተቀበረ ወዲህ በዚህ ድንኳን ውስጥ ጎሉ ሳይገባ የዋለበት ቀን የለም፤ ሻይ ሲቀዳ ይገባል፣ መዝሙር ሲያልቅ ይገባል፣ አዲስ ለቀስተኛ አልቅሶ ፊቱን ጠርጎ ሲቀመጥም ይገባል። አሁን የሚተርከው ሲላስ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ኃላፊ። ጎሉ በገባበት ዓመት እሱ ምናልባት ዳዴ ይል ነበር። ቢሆንም ኳሷ በግራ በኩል እንዴት እንደተነዳች፣ ተከላካዩ እንዴት እንደተሸወደ፣ በረኛው በየት በኩል እንደወደቀ ክንዱን እያወናጨፈ ያሳያል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አራቁ።

የሟቹ ሚስት ፀሐይወርቅ ከፍራሿ ላይ ሆና ሰማችው። ፍራሹ ድንኳኑ ራስጌ ተነጥፏል፤ በግራዋ የባሏ እህት፣ በቀኟ አክስቷ፣ ከኋላዋ ግድግዳው። ወደ ጓሮ ብቅ ልበል ብትል ሁለቱም አብረዋት ይነሳሉ፤ ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም። በደግነት እንደሚያደርጉት ታውቃለች፤ ግን ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ፊት ለፊቷ ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቹ ያሳተሙት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ወንድይፍራው በወጣትነቱ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ አስራ አንድ ቁጥር ማሊያ ለብሶ ቆሟል። ቀና ባለች ቁጥር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ።

ጎሉን ያገባው ባሏ አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ያኔ ዩኒቨርሲቲው ገና የዲላ ኮሌጅ ሳለ አንድ ሜዳ፣ አንድ አሰልጣኝና ሴቶቹም ወንዶቹም የሚጋሩት አንድ ሙሉ የቢጫ ማሊያ ስብስብ ነበረው። ሀዋሳ ላይ በተደረገው የኮሌጆች ውድድር ሴቶቹ በመረብ ኳስ፣ ወንዶቹ በእግር ኳስ ለዋንጫ ደረሱ፤ ሁለቱም ጨዋታ በአንድ ቀን ዋለ። ጠዋት ማሊያውን ሴቶቹ ለበሱት። በወንድ ልክ የተሰፋ ስለነበር አንገቱ እየሰፋ ትከሻቸው ላይ ይወርድባቸዋል። ስለዚህ ሁልጊዜም አንገትጌውን በመርፌና በክር ሸብ አድርገው ያጠብቡታል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ክሩን ተርትረው ለወንዶቹ ያስረክባሉ። አስራ አንድ ቁጥር የፀሐይወርቅ ነበር። አቀባይ ነበረች፤ ጣቶቿ ኳሷን ሲነኩ ድምፅ አይሰማም ይሏት ነበር።

ያን ቀን ጨዋታው ረዘመ። ሴቶቹ አሸንፈው ዋንጫ ሲያነሱ ወንዶቹ ደረታቸውን ገልጠው ሜዳው ዳር ማሊያ ይጠብቁ ነበር፤ መተርተሪያ ጊዜ አልነበረም። ባህሩዲን የሚባለው የግራ መስመር ተጫዋች በላብ የራሰውን አስራ አንድ ቁጥር ከእጇ ተቀበለ። በጠበበው አንገት ጭንቅላቱን ለማስገባት ሲታገል ጆሮውን ላጠው። "ልታንቂኝ ነው እንዴ፣ ፀሐይ?" ብሎ ሳቀና ሄደ፤ ሄዶም ጎሉን አገባ። ወንድይፍራው በዚያ ሰዓት የተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ውሃ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ዲላ ሲመለሱ ከተማው ወንዶቹን በትከሻው ተሸከመ። ሴቶቹ የኳሱን ከረጢት ተሸክመው ከኋላ ገቡ።

ሲላስ ወሬውን ሲጨርስ መጥቶ ፍራሹ አጠገብ በርከክ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትሕትና፣ አዲሱ የስፖርት አዳራሽ በወንድይፍራው ስም ሊጠራ መሆኑን ነገራት። ማሊያውን ቤተሰቡ ከፈቀደ በመስታወት ሳጥን ውስጥ መግቢያው ላይ ያኖሩታል፤ ከስሩ የጎሉ ታሪክ ይጻፋል። ነገ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት፣ በሕዝቡ ፊት፣ ከእሷ እጅ ለመቀበል አስበዋል።

ልጇ ሳሮን የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆማ ትሰማ ነበር። በዚያ ጎል ያደገች ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች ጓሮ ውስጥ፣ እንሰቱ ስር፣ እሷ በረኛ እየሆነች አባቷ ያንኑ ጎል ደጋግሞ ያገባባት ነበር፤ ሁልጊዜም በዚያው በኩል ትወድቅለታለች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ፊቷ ፈካ ያለው ገና አሁን ነው።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ ደስ ይለዋል" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ፍራሹ ዞረ። ፀሐይወርቅ ዝም ብላ ብትሰጥ ነገሩ በመስታወት ተዘግቶ ይቀራል፤ ብትናገር ባሏን ሁለተኛ መቅበሯ ነው፣ ያውም በልጁ ፊት። "ነገ" አለች። እሺታ መሰላቸው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታረቀኝ ተነስተው አመሰገኑና ጸሎት አደረጉ።

ጎሉ ወደ ወንድይፍራው የተሻገረው በስርቆት አልነበረም፤ ይህን ትመሰክርለታለች። ባህሩዲን በዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ይርጋጨፌ የአባቱን የጭነት መኪና ሊነዳ ሄደና ማሊያው ለወንድይፍራው ተላለፈ። ፎቶውን የተነሳው ያኔ ነው። ብዙ ቆይቶ፣ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እሱም የስፖርት መምህር ከሆነ በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ በዓል ላይ ከሌላ ከተማ የመጣ መድረክ መሪ ፎቶውን አይቶ ያቺን ጎል ያገባው አስራ አንድ ቁጥር ይኸውና ብሎ አስነሳው። ወንድይፍራው አይደለሁም ለማለት እጁን አወዛወዘ። ሰላምታ መሰላቸውና አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። ያን ዕለት ቤት ገብተው አብረው ስቀውበታል። በዓመቱ ሲጠየቅ ግን አልካደም፤ በሌላው ዓመት ራሱ ተረከው። የድሮዎቹ ጓደኞቹ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ተመድበው ተበትነዋል፣ አልፎ አልፎ የሚያገኙትም ለአንድ ጎል ብለው አልተጣሉትም።

አንድ ቀን እንግዶች ምሳ ተጋብዘው ጎሉ ተነሳ። ፀሐይወርቅ ወጥ እየጨለፈች "እሱን እንኳ ባህሩዲን ነው ያገባው" አለች። ክፋት አስባ አይደለም፣ አመለጣት።  ከእንግዶቹ አንዱ "ሴት ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች" ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወንድይፍራው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እሱም ሳቀ።

ይህች ሴት እኮ ዋንጫ ያነሳች ናት ብሎ አልተናገረላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኳስ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። እሱ ጎሉን በተረከ ቁጥር መጨረሻው ላይ ዓይኑ ወደ እሷ ይሄዳል፤ እሷ ሳህን ታነሳለች። ደግ ባል ነበር፤ ስትታመም ገንፎ ያገነፋል፣ የደሞዙን ነገር ሳያማክራት አያደርግም፣ ልጁን አንድ ቀን ተቆጥቶ አያውቅም። ትወደው ነበር፤ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው መውደዷ ነው።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ድንኳኑ ለመጨረሻ ቀን ሞልቶ ሳለ አንድ አይሱዙ በር ላይ ቆመና ሸበቶ፣ ሞላ ያለ ሰው ወርዶ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። "አላህ ያጽናችሁ" ብሎ አጠገቡ ባገኘው ወንበር ተቀመጠ። ፀሐይወርቅ ያወቀችው በአረማመዱ ነው፤ ባህሩዲን ዛሬም ግራ እግሩን ያስቀድማል።

ሲላስ ሰውዬው የድሮው ቡድን አባል መሆኑን ሲሰማ ወንበሩን ይዞ ተጠጋው። ጎሉ ሲገባ አይተው እንደሆነ ጠየቀው።

"አይቻለሁ" አለ ባህሩዲን። "ቅርብ ነበርኩ።"

ፀሐይወርቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ መጣ። በነጠላዋ አፏን አፍና ስትንቀጠቀጥ የባሏ እህት ያለቀሰች መስሏት ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ሲላስ እንዲተርክለት ቢለምነውም ባህሩዲን ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ሻይ ጠየቀ።

መዝሙር ሲጀመር ተነስቶ ወደ ፍራሹ መጣ፤ አክስቷ ቦታ ለቀቀችለት። መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። በመዝሙሩ ውስጥ ማንም አይሰማቸውም ነበር።

"ለምን ዝም አልክ?" አለችው።

"ምን ልበል ታዲያ፣ ፀሐይ? ለቅሶ ቤት መጥቼ ጎሌን መልሱልኝ ልበል?"

ከዚያ ያላወቀችውን ነገራት። ወንድይፍራው በየዓመቱ ቡና ለቀማ ሲደርስ ይርጋጨፌ ይሄድ ነበር፤ ለእሷ የዘመድ ቡና ልጎበኝ ነው ይላታል። ባህሩዲን ቡና እስኪጫንለት የሚጠብቅበት ጋ ይመጣና ጋቢናው ውስጥ ይቀመጣል። ዘንድሮ በበዓሉ ላይ እናገራለሁ ይለዋል፣ ሳይናገር በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ባህሩዲን በእኔ በኩል ተወው፣ ኳስ ነው፣ እያለ ሸኝቶታል።

"እሱን ያስጨነቀው ግን ጎሉ አልነበረም" አለ ባህሩዲን፣ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ እያዞረ። "እንግዶች ፊት ስቄባታለሁ አለኝ። በመጣ ቁጥር የሚያነሳው እሱን ነው። ገባሁበት፣ መውጫው ጠፋኝ፣ ይለኝ ነበር።"

ረስቶታል ብላ ነበር የኖረችው። እሷ በአንዱ ክፍል ይዛው ስትዞር እሱ በሌላው ክፍል ያንኑ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ። ተናደደችበት። በሕይወት ቢኖር ትጮህበት ነበር፤ ከሞተ ጀምሮም እንደዚያች ሰዓት ናፍቋት አያውቅም።

"እኔ አንቺ ካልሽው ጎን ነኝ" አለና ባህሩዲን ተነስቶ ወደ ቦታው ሄደ።

መዝሙሩ አለቀ። ሲላስ ጥሩ ንግግር አደረገ፤ የልቡን ነበርና ብዙ ሰው አስለቀሰ። ሳሮን የታጠፈውን ማሊያ በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። ፀሐይወርቅ ከያዘችው ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ወንድይፍራው ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፣ በየዓመቱ በዓል ሲደርስ ራሱ በእጁ አጥቦ ጥላ ውስጥ ያሰጣው ነበር። ቢጫው ነጥቷል። ልትዘረጋው ስትል ጣቷ አንገትጌው ውስጥ አንድ ነገር ነካ።

ገልብጣ አየችው። የዚያ ጠዋት ስፌቷ አልተተረተረም። እሷ የሰፋችበት ነጭ ክር ከዘመን ብዛት በስብሶ አልቆ፣ በእሱ ፈለግ ላይ ሌላ ክር ገብቷል፤ ሰማያዊ፣ ረጃጅምና ጠማማ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ተክሎ የማያውቅ ሰው የሰፋው። አጥብቦ ያቆየው እሷ ባጠበበችው ልክ ነው። መቋጠሩን አላወቀበትም፤ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ተነሳች። ሁለቱ ሴቶች አብረዋት ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

"ከመስጠቴ በፊት ማን እንደለበሰው ልንገራችሁ" አለች። ድምፏ የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት። "ጠዋት እኔ ለበስኩት። የሴቶቹን ዋንጫ ያነሳነው በዚህ ነው። ከሰዓት ባህሩዲን ለበሰው፣ ጎሉን ያገባው እሱ ነው። ወንድይፍራው የለበሰው በዓመቱ ነው።"

ከወንዶቹ በኩል አንድ ለስለስ ያለ ሳቅ ተሰማ፣ ሰው ለሕፃን እንደሚስቀው። ጋሼ ታረቀኝ "ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው፤ ተቀመጪ ልጄ" አሉ። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። አልተቀመጠችም።

ባህሩዲን ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

"እውነቷን ነው" አለ። "አንገቱ ጠቦኝ ጆሮዬ ተልጦ ነበር። ያጠበበችው እሷ ናት።"

 ሲላስ ማሊያውን ሊቀበል የዘረጋቸውን እጆች የት እንደሚያደርጋቸው አጣ። ሳሮን ግን እናቷን ትኩር ብላ ታያት ነበር፤ ጓሮው ውስጥ የወደቀችባቸው ቀናት ሁሉ ፊቷ ላይ ነበሩ።

"አባዬስ?" አለች።

"አባትሽ ወንበር ላይ ነበር" አለች ፀሐይወርቅ። "ውሃችንን ይዞልን።" የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ በጣቷ ያዘች። "መርፌና ክር አምጪልኝ።"

ሳሮን ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። ፀሐይወርቅ ማሊያውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷ አትመለስም ብላ ደምድማ ነበር። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ጋሼ ታረቀኝ ተነስተው ወጡ፣ ሁለት ሦስት ሰዎችም ተከተሏቸው።

ሳሮን ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም። መርፌውን ብቻ አቀበለቻት። ክሩ ሰማያዊ ነበር፣ በቀዳዳውም ቀድማ አስገብታዋለች።

ፀሐይወርቅ ማሊያውን ገለበጠች። የባሏን ጠማማ ስፌት ልታቃና አልሞከረችም። ከተንጠለጠለው ጫፍ ጀምራ ሁለት ጊዜ ወጋ ወጋ አደረገችና፣ እሱ ሳይቋጥር የተወውን ቋጥራ፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።