ወደቡ ሲደውል

…ኮረብታው አዘነ፣ ብላ ትጽፋለች፣ ኮረብታ ያዝናል እንዴ፣ ድንጋይና ሣር አይደል፣ ግን የዜና ክፍሉ ደንብ ነው፣ ኮረብታው ማለት የኛ መንግሥት፣ ወደቡ ማለት የነዚያኞቹ፣ ሹማምንቱ የተቀመጡበት ቦታ ይናገራል እንጂ ሰው አይናገርም፣ ስንት ዓመት ስትጽፈው ኖራ፣ ወንድሟን ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ከነጭነት መኪናው ድንበር ላይ ያስቀሩት ጊዜ ነው የመረራት፣ ወደቡ አሰረው፣ እሺ፣ ወደብን ማን አንገቱን አንቆ ይጠይቀዋል፣ ማንን ትርገም፣ ውሃውን?

ስልኩ አልጮኸም። መንግሥታቱ ከተኳረፉ ወዲህ የሚነጋገሩት የሁለቱ አገር ሬዲዮ ጣቢያ አዘጋጆች ብቻ ናቸው፣ እሷና የወደቡ ሰውዬ፣ በየቀኑ ቀትር ላይ መግለጫ ይነባበባሉ፣ ቃል እንዳይዛባ፣ ሰላምታ የለ፣ ስም የለ፣ ኮረብታው ነኝ፣ ወደቡ ነኝ፣ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ግን ምን ነካት፣ ሰውየው ንባቡን ሲጨርስ አፏ አመለጣት፣ አንድ ሹፌር አለ፣ ረጅም፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ፣ ወንድሜ ነው፣ በሕይወት አለ? ቀጭ፣ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ መግለጫውን ብቻ አንብቦ ይዘጋል፣ እንቅልፍ አጣች፣ መስመሩን ቢቆርጡትስ፣ ብትባረርስ፣ ይባስ ብሎ ወንድሟን ሰላይ ነው ቢሉትስ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ብትሰበስቢ ምን ነበረበት።

ጮኸ። ኮረብታው? ወደቡ ነኝ፣ ይላል ያ የተሰላቸ ድምፅ፣ ጻፊ፣ ወደቡ በመልካም ጉርብትና መንፈስ ሹፌሮችን ነገ ጠዋት በድንበሩ ድልድይ በኩል ለመልቀቅ ወስኗል፣ ትጽፋለች፣ ሹፌሮችን፣ ሁሉንም ነው ወይስ የተወሰኑትን፣ መግለጫ እኮ ተንኮለኛ ነው፣ እሷው ራሷ ስንቱን እንዲህ ሸፋፍና ጽፋለች፣ ጠይቂ፣ አትጠይቂ፣ ፈጣሪ ሆይ። ጨረስኩ፣ ይላል ሰውየው። አልዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማል።

ሄጄ አየሁት፣ ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረጅሙን፣ ከሚወጡት ውስጥ ነው፣ ትንሽ ያስለዋል እንጂ ደህና ነው፣ የለበሰው ስስ ሸሚዝ ብቻ ነው፣ እህቴ፣ ሹራብ ይዘሽለት ነይ፣ ድልድዩ ላይ ይነፍሳል።

እህቴ አላት። በእግሩ ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ እንጀራው ላይ ፈርዶ፣ እሷ ደግሞ እነዚያን ሰዎች ከነዘራቸው ስትረግም ነው የከረመችው፣ ምን ትበለው፣ ወንድሜ፣ ትላለች በመጨረሻ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ መስመሩ ግን ተዘግቷል፣ ሰምቶ ይሆን፣ ዜና አንባቢው ከመስታወቱ ወዲያ እጁን ያወናጭፋል፣ ዜናው የታለ፣ ሰዓቱ ደረሰብኝ እኮ፣ ቆይ፣ አንዴ ቆይ፣ እማዬ ጋ ልደውል፣ እማዬ፣ ስሚኝ፣ አታልቅሺ ስሚኝ፣ ያ ወፍራሙ ሹራቡ የት ነው ያለው